ጥምቀትና ባርነት፤ ስለ ሐረር ምርኮኞችና ስለ አብያተ ክርስቲያናት ሥልጣን

ከክርስትና ምሥጢራት መግቢያው ጥምቀት ነው፤ ተጠማቂውም የንጉሥ ልጅ ቢሆን ወይም የንጉሥ እንጨት ሰባሪ፣ ከአንዱ ማየ ሕይወት ተወልዶ የአንዱ አባት ልጅ፣ የምእመናንም ሁሉ ወንድም ይሆናል ብላ ቤተ ክርስቲያን ከዘመነ ሐዋርያት ጀምራ አስተምራለች። ይህ ትምህርት እውነት ከሆነ፣ እውነትም ነው፣ በማለዳ ቅዳሴ ቆሞ ከአንድ ጽዋ የተቀበለ ሰው ከሰዓት በኋላ ጥርሱና ክንዱ እየታየ ዋጋ የሚቆረጥለት ሥርዓት ከመቅደሱ ደጅ ሳይርቅ ለብዙ መቶ ዓመታት እንደ ምን ሊቆም ቻለ? ጥያቄው የታሪክ ብቻ አይደለም፤ ሃይማኖት በሰው ላይ ምን ያህል ሥልጣን እንዳላት፣ ሥልጣኗንም በማን ላይ ለማዋል እንደምትደፍርና በማን ላይ እንደምትፈራ የሚመረምር የነገረ መለኮት ጥያቄ ነው። ሐተታዬን በሐረር ላይ የማቆመውም በኢትዮጵያ ምድር የወንድማማች ጦርነት፣ የሁለት ሃይማኖቶች ሕግና የምርኮኛ ዕድል እንደዚህ በአንድ ግንብ ውስጥ የተገናኙበት ሌላ ከተማ ስለማላውቅ ነው።

በ16ኛው መቶ ዓመት ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ከሐረር ተነሥተው ደጋውን ባጥለቀለቁበት፣ የአፄ ልብነ ድንግልም ሠራዊት ከአምባ ወደ አምባ በተሰደደበት በዚያ ረጅም ጦርነት፣ ከሁለቱም ወገን የተማረከው ሰው ሸቀጥ ነበር፤ የደጋው ክርስቲያን በዘይላ በኩል ወደ ዓረብ አገር ይሻገራል፣ የቆላው ሙስሊምም በክርስቲያን ቤት ውሃ ቀጂና እንጨት ሰባሪ ሆኖ ይቀራል። ኢማሙ በ1535 ዓ.ም. በወይና ደጋ ከወደቁ በኋላ፣ የተበተነውን ሕዝብ ለመሰብሰብ የደከሙት አፄ ገላውዴዎስ፣ በ1540 ዓ.ም. ገደማ ክርስቲያን እንደ ዕቃ እንዳይሸጥ የሚከለክል ዐዋጅ አወጡ። ይህ ንጉሥ ጦረኛ ብቻ ሳይሆኑ ሊቅም ነበሩ፤ የቤተ ክርስቲያናቸውን እምነት ከውጭ ለመጡት ሊቃውንት ያስረዱበት የሃይማኖት መግለጫቸው እስከ ዛሬ ይነበባል። ስለዚህ ዐዋጃቸውን የፖለቲካ ብልሃት ብቻ አድርጎ ማየት በደል ይመስለኛል፤ የተጠመቀ ሰው ዋጋ እንደማይቆረጥለት ከልባቸው ያመኑ ሰው የጻፉት ሕግ ነው። ነገር ግን ዐዋጁ የጠበቀው የተጠመቀውን ነበር፤ ያልተጠመቀው ሰው፣ አረመኔ የተባለው የደቡብና የምዕራብ ሰው፣ ከዐዋጁ አጥር ውጭ ቀረ። ንጉሡ ራሳቸው በ1551 ዓ.ም. ከሐረሩ አሚር ኑር ሠራዊት ጋር ሲዋጉ ወደቁ፣ ራሳቸውም ተቆርጦ ወደ ሐረር ተወሰደ፤ አሚር ኑርም ከተማቸውን በጀጎል ግንብ አጠሩ። አንዱ በሕግ፣ አንዱ በድንጋይ፣ ሁለቱም የየራሳቸውን ወገን አጠሩ፤ ከሁለቱም አጥር ውጭ የቀረው ሰው ግን በሁለቱም አገር ይሸጥ ነበር።

የዚህ አጥር መሠረት በመጽሐፍ ላይ ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት በግብጽ በዓረብኛ ተደርሶ ኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት በ31ኛው አንቀጹ ስለ ባሮች አርነት ሲናገር፣ ሰው ሁሉ በሕገ ጠባይዕ ነፃ መሆኑን፣ አርነትም ከአእምሮ ሕግ ጋር የሚስማማ መሆኑን አስቀድሞ ይመሰክራል፤ ወዲያው ግን የጦርነት ሕግ ድል የተነሣውን ለድል አድራጊው እንደሚያስገዛው ይጨምራል። በእነዚህ ሁለት ቃላት መካከል ያለው ገደል የዚህች ሐተታ ልብ ነው። መጽሐፉ ባርነት ከፈጣሪ እንዳልመጣ ያውቃል፤ ከጦርነት መምጣቱንም አልሸሸገም፤ ነገር ግን ከኃጢአት የተወለደውን ነገር በኃጢአት ስሙ አልጠራውም፣ ሕግ ብሎ ተቀበለው እንጂ። ከዚያ ወዲያ ባሪያን ነፃ ማውጣት ግዴታ መሆኑ ቀርቶ የምጽዋት ወገን ሆነ፤ ጌታው ሊሞት ሲል በነፍስ አባቱ ፊት ኑዛዜ ያደርጋል፣ ከኑዛዜውም ጋር አንዱን ወይም ሁለቱን አገልጋይ ለነፍሱ ሲል አርነት ያወጣል። የሚድነው ግን የማን ነፍስ እንደሆነች ልብ እንበል። ባሪያው የጌታው መድኃኒት ሆኖ ወጣ፤ በራሱ መብት የወጣ ሰው ሆኖ አልተቆጠረም።

ይህን የሚያህል ነገር አበው አላዩትም ማለት ግን አይቻልም። የባስልዮስ ወንድም ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ከመምህራኗ ጋር የምትቆጥረው አባት፣ ገና በ4ኛው መቶ ዓመት መጽሐፈ መክብብን ሲተረጉም፣ በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠረውን ሰው በብር የሚመዝን ሰው የእግዚአብሔርን ገንዘብ የሰረቀ መሆኑን በግልጥ አስተምሯል። ቅዱስ ጳውሎስም ከጌታው ከፊልሞና ቤት የጠፋውን ባሪያ አናሲሞስን ሲመልሰው፣ ከባሪያ የሚበልጥ የተወደደ ወንድም አድርጎ እንዲቀበለው ለመነው። የጳውሎስን ትዕግሥት እንደ ምክንያት የሚያቀርቡ ሰዎች አሉ፤ ወንጌል የዓለምን ሥርዓት በአንድ ቀን ሳትንድ ከውስጥ ቀስ በቀስ ትለውጣለች ይላሉ። ክብደት ያለው ቃል ነው፤ እኔም ችላ አልለውም። ዳሩ ግን ጳውሎስ ይህን የጻፈው እርሱ ራሱ በእስር ቤት ሳለ፣ ቤተ ክርስቲያንም ፍርድ ቤትም ሠራዊትም በሌላት ጊዜ ነው። ሥልጣን የሌለው ሰው ትዕግሥትና የነገሥታትን አክሊል የምትቀባ ቤተ ክርስቲያን ትዕግሥት አንድ ሊባሉ አይችሉም።

ይህ ፈተና የእኛ ብቻ አልነበረም፤ ከውቅያኖስ ማዶ ባፕቲስት በሚባሉት አብያተ ክርስቲያናት ላይ በደረሰው ነገር የበለጠ ጎልቶ ይታያል። በሰሜን አሜሪካ የቨርጂኒያ ቅኝ ግዛት ሸንጎ በ1667 እ.ኤ.አ. ጥምቀት የባሪያን ሁኔታ እንደማይለውጥ በሕግ ደነገገ፤ ጌቶቹ አገልጋዮቻቸው ከተጠመቁ ነፃ ይወጣሉ ብለው እንዳይፈሩ ማለት ነው። ኋላ የመጡት ባፕቲስቶች ደግሞ ሕፃን አያጠምቁም፤ ሰው በራሱ ፈቃድ አምኖ፣ በራሱ አፍ መስክሮ ካልመጣ ጥምቀቱ ጥምቀት አይደለም ይላሉ። እንግዲህ በደቡቡ ክፍል የባሪያ ጌታና ባሪያው በአንድ ወንዝ ሲጠመቁ፣ ያቺ ቤተ ክርስቲያን ባሪያው ዘላለማዊ ዕጣውን የሚወስንበት ነፃ ፈቃድ እንዳለው መሰከረች፤ በዚያው ቀን ግን ነገ የት እንደሚያድር፣ ልጁ ከእርሱ ጋር እንደሚኖር ወይም እንደሚሸጥ የመወሰን ፈቃድ የለህም አለችው። በመዝገቧ ላይ ወንድም እገሌ ብላ ከጻፈች በኋላ ከጎኑ የባለቤቱን ስም ጨመረች። የእኛው ሥርዓት በሌላ መንገድ እዚያው ደርሷል፤ ሕፃኑ በ40 ወይም በ80 ቀኑ በክርስትና አባቱ ዋስትና ይጠመቃልና፣ የቤት ውልድ ባሪያን ክርስትና ያነሣው ጌታ ለገንዘቡ አባት ሆነ ማለት ነው።

የአሜሪካ ባፕቲስቶች በ1845 እ.ኤ.አ. በዚሁ ነገር ተከፈሉ። የሚስዮን ማኅበራቸው ባሪያ ያለውን ሰው ወንጌላዊ አድርጎ ለመላክ እንቢ ባለ ጊዜ የደቡቦቹ በጆርጂያ ግዛት በኦገስታ ከተማ ተሰብስበው የራሳቸውን ጉባኤ አቆሙ፤ በ1861 በሰሜኑና በደቡቡ መካከል ጦርነት ሲነሣም እያንዳንዱ ወገን የየራሱን ሠራዊት ባረከ። የእግዚአብሔርን ቃል በትክክል የተረዱት ግን በመጨረሻው ወንበር የተቀመጡት ባሮች ነበሩ። በጥር 1865 የሰሜኑ ጦር አዛዥ ጄኔራል ሸርማን ሳቫና የምትባለውን ከተማ ይዞ ሳለ፣ የጥቁሮቹ አብያተ ክርስቲያናት 20 አገልጋዮች ስለ ሕዝባቸው ተጠይቀው እንዲመልሱ ተጠሩ፤ አፈ ጉባኤ ሆኖ የተናገረውም ጋሪሰን ፍሬዚየር የሚባል የ67 ዓመት ባፕቲስት ሰባኪ ነበር። ይህ ሰው ከስምንት ዓመት በፊት ራሱንና ሚስቱን በ1,000 ዶላር ወርቅና ብር ገዝቶ የወጣ ነው። ባርነት ምንድን ነው ቢሉት፣ ሰውን ያለ ፈቃዱ በኃይል እያሠሩ ድካሙን መውሰድ መሆኑን አስረዳ፤ ነፃነትን ለመጠበቅ ምን ያስፈልጋችኋል ቢሉትም መሬት ጠየቀ። ሊቃውንቱ በጥቅስ ሲከራከሩ የኖሩበትን ነገር አንድ ሽማግሌ በሁለት መልስ ዘጋው። የደቡቡ ጉባኤ ግን ስለ አመሠራረቱ ይቅርታ የጠየቀው በ1995 እ.ኤ.አ.፣ ከተመሠረተ ከ150 ዓመት በኋላ ነው።

ወደ ሐረር እንመለስ። በ19ኛው መቶ ዓመት ከተማዋ የቡናና የጫት፣ የዝሆን ጥርስና የሰው ገበያ ነበረች፤ ከጉራጌ፣ ከኦሮሞና ከሌላውም የደቡብ ሀገር የተነዳው ምርኮኛ በጀጎል በሮች ገብቶ ወደ ዘይላና ወደ ታጁራ ወደብ ይወጣ ነበር፤ በ1855 እ.ኤ.አ. ወደ ከተማዋ የገባው እንግሊዛዊ በርተንም ይህን አይቶ ጽፏል። የግብጽ ሠራዊት ከ1875 እስከ 1885 እ.ኤ.አ. ከተማዋን ሲገዛ፣ በ1877 በእንግሊዝና በግብጽ መካከል የባሪያ ንግድን የሚከለክል ውል ተፈረመ። በውል የተከለከለው ንግድ ግን በሌሊት መንገድ ቀጠለ፤ ምኒልክም በጨለንቆ ድል አድርገው በ1879 ዓ.ም. ሐረርን በያዙ ጊዜ፣ ራስ መኰንንም ሲሾሙባት፣ ባርነቱ ገና በየቤቱ ነበር።

በዚህ መካከል አቡነ ማስያስ የተባሉት የካቶሊክ ካፑቺን መነኩሴ በኦሮሞ ሀገር የጀመሩትን ሥራ ተከታዮቻቸው ወደ ሐረር አመጡት። ሞንሲኞር ቶረን ካኻኝ በግብጾች ዘመን በከተማይቱ ውስጥ ቤት አቆሙ፤ ከእርሳቸው በኋላ የመጡት አቡነ እንድርያስ ዣሮሶም፣ የወጣቱ ተፈሪ፣ የኋላው አፄ ኃይለ ሥላሴ፣ መምህር የነበሩት፣ ከዚያ ቤት ከአርባ ዓመት በላይ ኖረው የሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያ ጭምር ሠሩ። እነዚህ መነኮሳት ከአውሮፓ በተሰበሰበ ምጽዋት ሕፃናትን ከባሪያ ፈንጋይ እጅ ይቤዡ ነበር፤ ሮማዊው ፓፓ ሊዮን 13ኛም በ1890 እ.ኤ.አ. በየዓመቱ በበዓለ ኤጲፋንያ በካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ለዚሁ ሥራ ገንዘብ እንዲሰበሰብ አዘዙ። ከተቤዡት ሕፃናት እያንዳንዱ ሰው፣ እያንዳንዱም ነፍስ ስለ ሆነ፣ ይህን ሥራ የሚያቃልል ሰው ልብ የለውም። ሆኖም በገበያ የሚከፈል ቤዛ ለገበያው ዋጋ መሆኑ አይቀርም፤ ፈንጋዩ ዛሬ ለመነኩሴ የሸጠውን ሕፃን ለመተካት ነገ ወደ ሌላ መንደር ይሄዳል፤ የተቤዠውም ሕፃን እናቱ ያለችበትን መንደር ስለማያውቅ ከሚስዮኑ ቤት በቀር መግቢያ የለውም። አንድ በአንድ የሚቤዥ ምሕረት ቅዱስ ነው፤ ገበያውን የሚዘጋ ፍርድ እስኪመጣ ድረስ ግን የጎደለ ነው።

ስለ ሙስሊሙም ወገን ፍትሕ ያለው ቃል መናገር ይገባል። አድባራትና መስጊዶች ጎን ለጎን በኖሩባት በሐረር ከተማ፣ ቁርኣን ባሪያን ነፃ ማውጣትን የጽድቅ ሥራና የኃጢአት ማካካሻ አድርጎ እንደሚያከብረው፣ የመጀመሪያው ሙአዚን ቢላልም አርነት የወጣ ሐበሻ እንደ ነበረ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን በዚህም ወገን የተፈጸመው ያው ነው፤ አርነት የሰጪው ትሩፋት ሆኖ ኖረ፣ የተቀባዩ መብት ለመሆን ዘገየ። ሁለቱ ሃይማኖቶች በብዙ ነገር ሲለያዩ በዚህ ጉድለት ተስማሙ።

አሁን ወደ 1909 ዓ.ም. ጦርነት እንምጣ፤ የዚህች ሐተታ ብርቱ ነጥብ ያለው እዚያ ነውና። መስከረም 17 ቀን፣ በመስቀል በዓል፣ የምኒልክ ወራሽ ልጅ ኢያሱ በሐረርጌ ምድር ሳሉ፣ መኳንንቱ በአዲስ አበባ ተሰብስበው ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል ሲሉ ከሰሷቸው፤ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስም ሕዝቡ ለልጅ ኢያሱ የማለውን መሐላ ፈቱ። ወዲያው በሐረር ከተማ ብዙ ሙስሊሞች ተገደሉ፤ ጥቅምት 17 ቀንም በሰገሌ ሜዳ ለልጅ ኢያሱ የቆመው የወሎና የሸዋ መኳንንት ሠራዊት፣ ሁለቱም ታቦት ይዘው፣ ሁለቱም ቄሶች አስከትለው ተላለቁ። በዚያ ቀን የሸዋን ጦር ከመሩት ታላላቆች አንዱ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው ወደ ምኒልክ ቤት የመጡ ነበሩ፤ ከእርሳቸው ጋር የሚነሡት ደጃዝማች ባልቻም፣ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ሐረርን የገዙት፣ በሕፃንነታቸው ከጦር ሜዳ ቆስለው የተወሰዱ ምርኮኛ ነበሩ። ሁለቱን ሰዎች ለሹመት ያበቃቸው ችሎታቸው መሆኑ አያጠራጥርም፤ ነገር ግን እንደ እነርሱ ያለ ሌላው ምርኮኛ ሕፃን በንጉሥ ፈንታ በነጋዴ እጅ ወድቆ ቢሆን ዛሬ ስሙን የሚያውቅ አይኖርም ነበር። ፍትሐ ነገሥት ሕግ ብሎ የተቀበለው ነገር እንዲህ ያለ ነው፤ የአንድን ሰው መላ ሕይወት በያዘው እጅ ላይ ጥሎታል።

አሜሪካኖች እርስ በርሳቸው ሲዋጉ ጦርነቱ፣ ያቀዱትም ያላቀዱትም፣ የባሮች በር ሆነ፤ ባሮቹ እርሻውን ጥለው ወደ ሰሜኑ ሰፈር በእግራቸው ሸሹ፣ መንግሥቱም በ1863 እ.ኤ.አ. አርነታቸውን አወጀ። በእኛ ግን ጦርነት የባርነት ምንጭ እንጂ መድረቂያ ሳይሆን ኖረ። የልዩነቱ ምክንያት ብዙ ነው፤ እኔ አንዱን ብቻ አነሣለሁ። በመስከረም 17 ቀን በአንድ ማለዳ የአንድን ሕዝብ መሐላ የፈታ ሥልጣን፣ የግዝትና የመፍታት ሥልጣን፣ በቤተ ክርስቲያን እጅ ነበረ፤ ያም ጉባኤ ስለ ዘውድና ስለ ሃይማኖት ተነሥቶ ስለ ባሪያ አልተነሣም። ሰው የሚሸጥ ይገዘት፣ ባሪያ ያለውም ሥጋውን ደሙን አይቅረብ የሚል ቃል በየደብሩ ቢነበብ ኖሮ፣ የጨዋውን ቤት ሁሉ ያናወጠ ነበር። ያልተነበበውም ስለዚህ ነው፤ ገዳማትና አድባራት ራሳቸው በባሪያ እጅ ከታረሰ መሬት ይመገቡ ነበርና፣ የምትቀበል እጅ የሰጪዋን ኃጢአት ለማየት ትዘገያለች።

እንግዲህ በሩን የከፈተው መንግሥት ሆነ፤ የከፈተውም ሰው የሐረር ልጅ ነው። በኤጀርሳ ጎሮ የተወለዱት ራስ ተፈሪ ኢትዮጵያን መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር አስገቡ፤ በዚያው ዓመት መጋቢት 22 ቀን ስለ ባሮች አርነት ዐዋጅ አወጡ፣ ይህም ቀስ በቀስ የሚፈታ ሥርዓት ነበር። ቀስ በቀስ መሆኑ ዋጋ አስከፍሎናል፤ ፋሺስት ኢጣሊያ ሀገራችንን ለመውረር ስትነሣ በዓለም ፊት ካቀረበቻቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ባርነት ነበረ። ወራሪው ሐሰተኛ ነው፤ ምክንያቱ ግን የእኛ ነበረ፤ በጊዜው ያልተናዘዝነውን ኃጢአት ጠላት አንሥቶ ክስ አደረገው። ነፃነት ከተመለሰ በኋላ ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. ዐዋጅ ቁጥር 22 ባርነትን ፈጽሞ ሻረ።

ዐዋጁ የሻረው ግን ንብረትነቱን ነው፤ በልብ ያለው ገና አልተሻረም። ዛሬም በሐረርም በሌላውም ከተማ፣ ሁለት ወጣቶች ሊጋቡ ሲሉ ዘር ቆጣሪ ሽማግሌ ተነሥቶ የልጂቱን አያት ከማን ቤት እንደወጣች የሚጠይቅበት፣ መልሱም ጋብቻውን የሚያፈርስበት ጊዜ አለ፤ ያቺ ልጅ ግን ክርስቲያን ከሆነች በ80 ቀኗ ከሙሽራው ጋር በአንድ ማይ የተጠመቀች፣ ሙስሊምም ከሆነች ከእርሱ ጋር ወደ አንድ ቂብላ የምትሰግድ ናት። ስለዚህ ለካህናትና ለሼኾች፣ ለነፍስ አባቶችም ሁሉ አቤት እላለሁ፤ በሠርግ ሽምግልና ላይ ይህ ጥያቄ ሲነሣ ዝም አትበሉ፤ ነፍስ አባቱ ጠያቂውን የንስሓ ልጁን ለብቻው ጠርቶ ይገሥጽ፤ እምቢ ካለም ከቁርባን ይከልክለው፤ ሼኹም ኒካሑን በዚህ ምክንያት ካፈረሰ ሰው ፊቱን ይመልስ። በ1909 ዓ.ም. ስለ ዘውድ የዋለው ሥልጣን ዛሬም በእጃችሁ ነው፤ ስለዚች ልጅ አውሉት።